ሳይቆረጥ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ

ካሜራው ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ሦስት ተኩል ሲሆን በብሎክ አርባ አንድ አንድም የተከፈተ መስኮት አልነበረም።

ያመጣው ሰው ደንብ ልብስ የለበሰ፣ ላቡን በክንዱ የሚጠርግ ጎልማሳ ነው። ትርሲት ላቀው እሷ መሆኗን በአውራ ጣቷ አረጋገጠ፣ ሣጥኑን ደፍ ላይ አስቀመጠ፣ ውኃ ሳይጠይቅ ሄደ። በድሬዳዋ ፀሐይ መጥቶ ውኃ የማይጠይቅ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ታሟል፣ ወይ መንግሥት ነው።

እናቷ ወይዘሮ አስካለ ሣጥኑን በእግሯ ጫፍ ገፋ አድርጋ አስገባችው። በእጇ አልነካችውም።

"ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው።"

"አሁን ያየናል?"

"እኔ ካልከፈትኩት አያይም፣ እማዬ።"

"እንግዲያ አትክፈቺዋ!" አለች እናቷ፤ ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስል ሽንኩርቷን ወደ መክተፍ ተመለሰች።

ትርሲት ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ምደባ ሲወጣ ጋምቤላ፣ ባሮ ዳር ካለው የውኃ ኮሌጅ ጣላት። ምደባ ሲወጣ የሚያለቅስ አለ፣ የሚስቅም አለ፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ከድሬዳዋ እስከዚያ በባቡር አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል። ትምህርቱ ስለ ቧንቧ፣ ስለ ቆጣሪ፣ ስለ ግፊት ነው። አንድ ዓመት ቀርቷታል። ስትመረቅ ከብሎክ ብሎክ እየዞረች ቆጣሪ ታነባለች፤ ጡረታዋ የሚወጣበት ቀን ሳይቀር ከአሁኑ ተጽፎ ተሰጥቷታል።

ዝውውር በሕይወት አንድ ጊዜ ይፈቀዳል። እሷ የጠየቀችው ወደ ፊልም ኮሌጅ ነው።

ፊልም ኮሌጅ ተረት አይሠራም፤ ተረት የሚሠራው በየቤቱ ያለው የምስል ግድግዳ ነው። በየምሽቱ እያንዳንዱ ቤተሰብ ግድግዳው ላይ የራሱን ታሪክ ያያል፤ አባት ጀግና ነው፣ እናት አልቅሳ በመጨረሻ ትስቃለች፣ የሚጠሉት ጎረቤት ይዋረዳል። ማንም ምስል ከምንም ነገር ሊሠራ ስለሚችል ማስረጃ የሚሆነው በመሐላ ካሜራ፣ በማለ እጅ፣ ሳይቆረጥ የተነሣው ብቻ ነው። ፊልም ኮሌጅ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ተመራቂዎቹ በመዝገብ ምስክር ይባላሉ። ሰፈር ግን ዓይነ ጥላ ይላቸዋል፤ የገቡበት ቤት አይቀናውም ለማለት ነው።

ትርሲት ምስክር መሆን አልነበረም ያማራት። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ሳለ በቀበሌው አዳራሽ የአንድ ሽማግሌ የቤት ክርክር ሲታይ እናቷ ይዛት ገብታ ነበር። በምስክሩ ምስል ላይ ግቢው ተለካ፣ አጥሩ ተለካ፣ ልኬቱ አለቀ። ምስክሩ ግን ካሜራውን መዝጋት ዘነጋ። ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሊያጠልቅ ሞከረ፤ የጫማው ምላስ ወደ ውስጥ ታጥፎ እንቢ አለው፤ አወጣው፣ አየው፣ እንደገና ሞከረ። ሌላ ምንም አልሆነም። ዳኛው አዛጋ። ትርሲት ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ጫማ አልረሳችውም። እሷን ደስ ለማሰኘት ያልተሠራ ምስል ስታይ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ነበር።

የመግቢያው ደንብ አጭር ነው። ባደግሽበት ቤት ዐሥራ ሁለት ደቂቃ፣ ሳይቆረጥ፣ እስከ ሐሙስ ዐሥራ አንድ ሰዓት። በአውራ ጣትሽ ካጸደቅሽው ይላካል። ካላጸደቅሽው ካሜራው ያየውን ያቃጥላል፤ ዝውውሩም አብሮ ይቃጠላል። ከታች በትንሹ የተጻፈ ሌላ መስመር አለ፦ በመግቢያ ፊልም ላይ የታየ ጥፋት እንደማንኛውም ጥፋት ይቆጠራል።

መስኮቶቹን የዘጋው ይህ መስመር ነው።

አባቷ አቶ ላቀው የብሎኩ ቧንቧ ያዥ ነው። ድርሻው በሰው በቀን ስድስት ሊትር ሲሆን፣ የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ ነው። የዛሬ አራት ዓመት ግን ከግቢው አጥር ሥር ወደ ብሎክ አርባ ሁለት የሚያልፈውን ቧንቧ አገኘው፤ ቀጭን ጎማ ቀጠለበት። ጎሕ ሲቀድ አርባ ደቂቃ ይከፍታል፣ በርሜሎች ይሞላሉ፣ ይዘጋል። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ተናግሮት አያውቅም። የብሎክ አርባ ሁለት ቆጣሪ ሲጎድል መሥሪያ ቤቱ "ፍሳሽ" ብሎ ጻፈ፤ አፍሳሾች ናቸው ተብለው ድርሻቸው ወደ አራት ሊትር ወረደ። ትርሲት ይህን ኮሌጅ ሳትገባ ጠርጥራ፣ ጋምቤላ ሄዳ አረጋገጠች። በኮሌጁ ከተማረችው ሁሉ ከልቧ የገባት አንድ ነገር ነው፦ ውኃ አይጠፋም፤ ሰው ቤት ይገባል።

ረቡዕ ጠዋት ሐጂ ሙሜ ሰው ላኩ። የብሎኩ ሽማግሌ ናቸው። ሠላሳ አንድ ሰው ግቢው ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ተሰበሰበ። በሩ ተቆለፈ።

"አውጫጭኝ ነው" አሉ ሐጂ። "ነገሩ ሳያልቅ የሚነሣ የለም።"

ጥንት ሌባ ሲጠፋ ያገሩ ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪወጣ ወደ ቤቱ የሚሄድ አይኖርም። ብሎክ አርባ አንድ የተሰበሰበው ሌባውን ላለማውጣት ነበር።

"በይ ተናገሪ" አለች ወይዘሮ ስንዱ፤ ከምድር ቤት የምትኖር፣ ምላሷ ከብሎኩ ቁልፍ ሁሉ የሚበልጥ ሴት ናት። "ምን ልትቀርጪ ነው? የኔን ጓዳ?"

"ያንቺን ጓዳ ምን ላድርገው?"

"አይ፣ ተማርኩ ብላ! የበሉበትን ወጪት ሰባሪ! አስካለ፣ ይቺን ነው አዝለሽ ያሳደግሻት?"

እናቷ መሬት መሬት አየች። አባቷ ከሰው ራቅ ብሎ፣ ጀርባውን ለአጥሩ ሰጥቶ ቆሟል።

"እኔ ማንንም ላጋልጥ አልመጣሁም" አለች ትርሲት። "ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። የፈለጋችሁትን ሥሩ፣ የፈለጋችሁትን አውሩ።"

"ዓይነ ጥላ የምትፈልገውን ተናግራ ታውቃለች እንዴ?" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

ከአጥሩ ማዶ ባዶ ጄሪካን ከግንብ ጋር ሲጋጭ ተሰማ። ኢክራም ነበረች፤ የብሎክ አርባ ሁለት ሴት። በየጠዋቱ እንዲህ ታደርጋለች።

"አቦ፣ ስብሰባ ነው? ውኃ ስትጠጡ አፋችሁ አይደርቅም፣ ምን ታወሩ ይሆን! የኛ ቧንቧ ያፈሳል አሉ፤ ወዴት እንደሚያፈስ ንገሩን እስቲ!"

ኢክራም ጄሪካኑን አንዴ ደግማ አጋጭታ ሄደች።

ፀሐይዋ ዞራ ጥላው አነሰ። ሰዎች ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ስድስት ሰዓት ላይ አንዲት አሮጊት አዞራት፤ ልትነሣ ስትል ሐጂ በእጃቸው አስቀመጧት። ሰባት ሰዓት ላይ መላው የመጣው ከራሳቸው ከሐጂ ነው።

"ስንበላ ትቅረጽ" አሉ። "ነገ እኩለ ቀን፣ እዚሁ ግቢ። ሩዝ ይሠራል፣ ሳምቡሳ ይጠበሳል፣ ብሎኩ አንድ ላይ ይበላል። ፍቅር ነው፣ ሰላም ነው። ከዚያ ሌላ የምታየው የለም። ተስማማሽ?"

ትርሲት አባቷን አየች። አባቷ ራሱን ነቀነቀ።

"ተስማማሁ፣ ሐጂ። አንተ ካልክ" አለች በድሬ ወግ።

በሩ ተከፈተ። ሰዎች እንደታመመ ሰው እያቃሰቱ ገቡ።

ሐሙስ ስድስት ሰዓት አጥሩ ላይ፣ ልክ ቅጥያው ካለበት በላይ፣ ትልቅ ምንጣፍ ተሰቅሎ ነበር። በርሜሎቹ ነጭ አንሶላ ለብሰዋል። ወይዘሮ ስንዱ ከንፈሯን ቀብታለች። ትርሲት ካሜራውን ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ መሐላውን ጮክ ብላ አለች፦ "ያየሁትን አልቀንስም፣ ያላየሁትን አልጨምርም።" ትንሿ መብራት በራች።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ሬሳ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ሰው በሦስት ትልልቅ ትሪዎች ዙሪያ ተቀምጦ ፈገግ ብሎ ደረቀ። ማንም እጁን አልሰደደም። ትርሲት ክንዷ ዛለ፤ ይህማ ግድግዳው ከሚሠራውም የባሰ ነው ብላ አሰበች።

ያኔ ሐጂ ሙሜ፣ ዝምታው ስለከበዳቸው ይሁን ስለ ልማድ፣ እጃቸውን ዘረጉ።

"ምነው አስካለ፣ አታስታጥቢም?"

በብሎክ አርባ አንድ እጅ በእርጥብ ጨርቅ ነው የሚጠረገው። ከተማው ሁሉ እንዲያ ነው፤ ደንብም ነው። ግን ግብዣ ነው፤ ሽማግሌ እጁን ዘርግቷል፤ የማያውቁት ዓይን ያያል። እንግዳ ፊት ውኃ የምትቆጥር ሴት ተብላ መታየት ለወይዘሮ አስካለ ከሞት አንድ እርምጃ ብቻ የሚያንስ ነገር ነው። አንሶላውን ገለጥ አደረገች፣ አምስት ሊትር የሚይዘውን ማንቆርቆሪያ ከበርሜሉ ሞላች፣ ሳፋውን አነሣች፣ አጎንብሳ ማፍሰስ ጀመረች።

ሐጂ እስከ ክርናቸው ታጠቡ። ተጉመጠመጡ። ፊታቸውን አበሱ። "ተባረኪ" አሉ፤ ፊታቸው ላይ የነበረው የደረቀ ፈገግታ ጠፍቶ ሌላ ፊት ወጣ፣ የልጅ የሚመስል። ቀጣዩ ሰው እጁን ዘረጋ። ከዚያ ቀጣዩ። ወይዘሮ ስንዱ አልቻለችም፤ ተነሥታ ሌላ ማንቆርቆሪያ አመጣች።

"ምነው ቆጠብሽ አስካለ! ጨምሪላቸው እንጂ፣ ድግስ አይደል እንዴ?"

"ኧረ እኔ መች ቆጠብኩ? አንቺው ነሽ በጠብታ የምታንቆረቁሪው!"

ሳቅ ሆነ። እውነተኛ ሳቅ። ሁለቱ ሴቶች እየተፎካከሩ አፈሰሱ፤ ሳፋዎቹ ሞልተው ሲሚንቶው ላይ ተደፉ፤ ውኃው ፀሐይዋን ይዞ በሰዎች መሐል እየተጣመመ ወረደ። አሮጊቷ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ከተተችበት፤ ዓይኗን ጨፈነች።

ትርሲት ሳታስበው የሚፈስሰውን ማንቆርቆሪያ ትቆጥራለች። የሦስት ዓመት ትምህርት በትእዛዝ አይቆምም። ስድስተኛ። ሰባተኛ። ስምንተኛው ላይ ምን እያየች እንደሆነ ገባት። ቀና ስትል አባቷ ከደረጃው ሥር ቆሟል። እሱም ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። እየቆጠረ ነበር። በካሜራው ራስ ላይ ተያዩ።

ካሜራው ከቆመ ፊልሙ አይሆንም። ጣቷ መዝጊያው ላይ ነበር። አልተጫነችውም። ወደ አሮጊቷ እግር ቀረብ አለች።

ዐሥራ ሁለት ደቂቃው ሲያልቅ ገና መብላት መጀመራቸው ነበር። "አማርን?" አሏት ከየአቅጣጫው። ወይዘሮ ስንዱ እንኳ ሳምቡሳ አጎረሰቻት፤ "በይ ዓይነ ጥላ፣ ብይ!"

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አባቷ ክፍሏ ገብቶ በሩን ዘጋ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ስንት ሆነ?"

"ሰባ አራት።"

"እኔ ሰባ አምስት ነው ያልኩት።"

"የመጨረሻው ማንቆርቆሪያ አልተንጠፈጠፈም።"

"ውኃ ኮሌጅ በከንቱ አልሄድሽም" አለ አባቷ። አልሳቀም። ስድስት ሊትር የሚታደል ሰው ሰባ አራት ሊትር መሬት ላይ አያፈስም። ያንን ያየ ተቆጣጣሪ አጥሩን ሳይቆፍር አያድርም። ይህን አንዳቸውም መናገር አላስፈለጋቸውም።

"ካላጸደቅሽው ይቃጠላል።"

"አዎ።"

"ጋምቤላ ተመልሰሽ ትጨርሻለሽ። አንድ ዓመት ነው። እንጀራ የማያበላ ሥራ አይደለም፤ የከበረ ሥራ ነው።"

"እስከ ጡረታ ቆጣሪ ላነብ ነው፣ አባዬ።"

"እኔ እስከ ዛሬ ምን ሳነብ የኖርኩ መሰለሽ?" ድምፁ አሁን ነው የተቆጣው። "እሺ፣ እውነት ተገለጠልሽ እንበል። የኢክራም ልጆች አሳዘኑሽ። ያንን ውኃ ስትጠጪ የት ነበሩ? ጸጉርሽን ስትታጠቢ የማን ውኃ መሰለሽ?"

"ለኢክራም አይደለም።"

"ታዲያ ለምንድን ነው?"

ትርሲት መዋሸት ትችል ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የሚያምርም ቃል ነበር።

"አምሯል" አለች።

"ምኑ?"

"ፊልሙ። አምሯል። የእማዬ እጅ… እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።"

አባቷ ለረጅም ጊዜ አያት፤ የማያውቀው ቋንቋ የሚናገር ሰው እንደሚያይ።

"ይሄን ለማንም እንዳትነግሪ" አለ በመጨረሻ። "ለኢክራም ብዬ ነው በያቸው። እሱ ይሻላል።"

ተነሥቶ ወጣ። በሩን ክፍት ተወው።

እሷ ፊልሙን ሦስት ጊዜ አየችው። ሦስቴም እንዲያስጠላት ፈልጋ ነበር። ብርሃኑ በውኃው ውስጥ ሲሰበር፣ እናቷ ጎንበስ ስትል አንገቷ ላይ የሚታየው ጅማት፣ የሐጂ ጣቶች እርስ በርስ ሲፈላለጉ፤ ግድግዳው ሺህ ዓመት ቢሠራ ይህን አይሠራም። አንዷን ደቂቃ ብቻ ቆርጦ ማስቀረት ቢቻል! አይቻልም። ዐሥር ሰዓት ከሃምሳ ሲሆን እናቷ ከሳሎን "ትርሲትዬ፣ ሩዝ ላቆይልሽ?" ብላ ተጣራች። ትርሲት "አቆዪልኝ" አለችና አውራ ጣቷን ካሜራው ላይ አደረገች።

መልሱ ለመድረስ አራት ደቂቃ ፈጀ። ተቀብለናል። የመጀመሪያ ልምምድ ቅዳሜ።

ቅዳሜ የመጡት አራት ሰዎች ናቸው፤ ሦስት ተቆጣጣሪዎችና ከኮሌጁ የመጣች መምህርት፣ ቀለሟ የምትባል፣ ረጅም፣ ፊቷ የማይንቀሳቀስ ሴት። ምንጣፉ ወርዷል። አጥሩ ሥር ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ ጎማው እንደ አንጀት ወጥቶ መሬት ላይ ተጋድሟል። ከማዶ ኢክራምና ጎረቤቶቿ ግንቡ ላይ ተደግፈው ያያሉ። አንዳቸውም አልጮኹም። ትርሲትንም አላመሰገኗትም፤ አንዷ ወደ እሷ አቅጣጫ ምራቋን ተፋች።

"የመግቢያ ፊልምሽን አይቼዋለሁ" አለች መምህርት ቀለሟ ካሜራውን እያቀበለቻት። "የአሮጊቷ እግር ጥሩ ነው። በኛ ልማድ ተማሪ የመጀመሪያውን የጥፋተኛ ቃል የሚቀበለው በራሱ ፊልም ካጋለጠው ሰው ነው። የራሱን ቤት ያላየ የሰው ቤት አያይም። ጥያቄዎቹ እዚህ ተጽፈዋል። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።"

ዋናው ተቆጣጣሪ ፍርዱን አስቀድሞ አነበበ። ቧንቧ ያዡ በቤተሰብ መዝገቡ ካለው ሰው ሁሉ ጋር ይነሣል፤ ወደ በረሃው፣ ወደ አይሻ ሜዳ። ተማሪም ቢሆን፣ ሠራተኛም ቢሆን፣ መዝገቡ ላይ ያለ አብሮ ይሄዳል። የሚቀረው ቃሉን መቀበል ብቻ ነው።

ትርሲት ይህን ከዚያች ደቂቃ በፊት አታውቅም ነበር። መምህርት ቀለሟን ዞራ አየቻት። መምህርቷ ሰዓቷን አየች።

አባቷን ከቆርቆሮው ሥር ወንበር ላይ አስቀመጡት። የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል። እናቷ ከጀርባው ቆማ የወንበሩን መደገፊያ ይዛለች። ወይዘሮ ስንዱ ከመስኮቷ "ይበልሽ! ይበልሽ!" ትላለች፤ ለማን እንደሆነ አይታወቅም። ድሬ ላይ ትልቁም ትንሹም አንተ ነው የሚባለው። ወረቀቱ ግን የተጻፈው ሌላ አገር ነበር።

መብራቷ በራች።

"ስምዎን ከነአባትዎ ይናገሩ" አለች ትርሲት ከወረቀቱ እያነበበች።

"ላቀው ይመር።"

"የሥራ ድርሻዎ?"

"ቧንቧ ያዥ። ከዛሬ በፊት።"

"ቅጥያውን የሠራው ማን ነው?"

"እኔ። ብቻዬን። የረዳኝ የለም፣ የነገርኩት የለም።"

ከመስኮቶቹ በስተጀርባ ብሎኩ ትንፋሹን ሲለቅ ተሰማ።

"የቤተሰብዎ ብዛት?"

አባቷ ከካሜራው ላይ ዓይኑን አላነሣም። ያለማቋረጥ ያየው የካሜራውን መስተዋት እንጂ እሷን አልነበረም።

"ሁለት" አለ።

ተቆጣጣሪው ወረቀቱን አገላበጠ። "መዝገቡ ሦስት ነው የሚለው። ሴት ልጅ አለችህ።"

"መዝገብ ሰው የጻፈው ነው" አለ አባቷ። "በዚህ ካሜራ የተነገረው ነው የሚጸናው ተብሏል። ተሳሳትኩ?"

ተቆጣጣሪው ወደ መምህርቷ ዞረ። መምህርት ቀለሟ ትንሽ ካሰበች በኋላ ራሷን ነቀነቀች።

"እንግዲያው ሁለት ነን። እኔና ባለቤቴ። ልጅ የለንም።"

እናቷ ከወንበሩ ጀርባ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ትርሲት በመስተዋቱ ውስጥ የአባቷን ፊት በቅርበት አየችው፤ እያንዳንዱን የጢም ነቁጥ፣ የግራ ዓይኑን ቆብ መንቀጥቀጥ። አውጥቶ ጣላት ወይስ አውጥቶ አዳናት፣ ፊቱ ላይ አልተጻፈም። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ መስመር ደግሞ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

"እጅሽ" አለች መምህርት ቀለሟ ከኋላዋ፣ በዝግታ። "እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ነው። ቀጣዩን ጠይቂ።"

ትርሲት ክርኗን ወደ ጎኗ አጥብቃ ያዘች። ምስሉ ጸና።

ቀጣዩን ጠየቀች።